ለእትዬ ታደለች ያልጻፍኩት ግማሽ ገጽ

የዱቄት ሙጫ ለሌላ ሰው ምን ምን እንደሚሸት አላውቅም። ለእኔ ያልበሰለ ገንፎ፣ እርጥብ ወረቀት፣ በመሃሉ ደግሞ ቀጠን ያለች የነጭ ጋዝ ጠረን ነው። ሙጫ ውስጥ ጋዝ የሚጨምር ሰው ብዙ የለም። ብል መጽሐፍ እንዳይበላ ብላ ጠብ የምታደርገው እትዬ ታደለች ነበረች። ባለፈው መስከረም የወንድሜን ልጅ ደብተሮች ልሸፍን ብዬ ዱቄት በጥብጬ ምድጃ ላይ ሳማስል፣ ጠብታ ጋዝ ሳልጨምርበት፣ ያ ጠረን ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፍንጫዬን ሞላው። እማዬ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች ቀና ብላ አየችኝ።

"ምነው ቆምሽ? ይጓጉልብሻል።"

"ምንም" አልኳት።

ምንም አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። ቦርሳዬ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ የማነበው ልብ ወለድ ነበረ። ለቡ መብራት ኃይል አንዲት ካፌ ውስጥ በወር አንድ ቅዳሜ የምንገናኝ ስድስት አንባቢዎች ነን። የወሩ መጽሐፍ "የእመምኔቷ ቁልፎች" ነው ሲባል ሌሎቹ ከማን እንደሚዋሱት ተጠያየቁ። እኔ ይህን መጽሐፍ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ጀምሬው ነበር። ሳልጨርሰው ከእጄ ተወሰደ፤ በእሱ ምክንያትም እትዬ ታደለች ከሰፈራችን ወጣች።

እትዬ ታደለች መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣ የወይዘሮ ዘውዲቱን አጥር ተደግፋ በቆመች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ መጽሐፍ ታከራይ ነበር። ሱቅ ልበላት እንጂ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታስቆምም። መደርደሪያዎቹ የለስላሳ ሳጥኖች ነበሩ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ጣሪያ ይደርሳል። በውስጣቸው ያሉት መጻሕፍት ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል፤ ቡናማ የሲሚንቶ ወረቀት። ያኔ ለቡ በየቦታው ቤት ይሠራ ስለነበር፣ እትዬ ታደለች ቅዳሜ ቅዳሜ ግንባታ ከግንባታ እየዞረች ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ትለምናለች። አቧራውን አራግፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች። ከዚያ በፊት ማተሚያ ቤት ውስጥ ጠራዥ ነበረች ይባላል። ወረቀት ስታጥፍ በጥፍሯ አትጫነውም፤ የማንኪያ ጀርባ ነው የምታስኬድበት። ሽፋኑ መጽሐፉ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ ጣት አያስገባም። ከዚያ ጀርባው ላይ በጥቁር ቀለም፣ እንደ ተሰላፊ ተማሪ ቀጥ ብለው በቆሙ ፊደሎች፣ ርእሱን ትጽፋለች።

ከልጆች የኪራይ ገንዘብ አትቀበልም ነበር። የምትቀበለው ግማሽ ገጽ ነው። መጽሐፍ ስትሰጠን ከደብተር ለሁለት የተቆረጠ ወረቀት አብራ ትሰጠናለች፤ አናቱ ላይ የመጽሐፉን ርእስና የልጁን ስም ራሷ ጽፋ። መጽሐፉን ስንመልስ ወረቀቱ ተጽፎበት መመለስ አለበት።

"ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አትበሉኝ" ትለናለች። "እሱን ማንም ይለዋል። የት ቦታ ላይ ቆም እንዳላችሁ ጻፉልኝ። ከግማሽ ገጽ ደግሞ እንዳታሳልፉ፤ የሚረዝም ነገር ውስጥ ውሸት ይገባል።"

እኔ በክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ግን ወሬኛ ነበርኩ። እትዬ ታደለች መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ቆማ ታነባለች፤ ሳትስቅና ሳትቆጣ ጨርሳ "ማህሌት፣ እዚህ ጋ እኔም ቆም ብዬ ነበር" ትለኛለች። አንዳንዴ "እኔ ሳላየው አልፌዋለሁ፣ ተመልሼ ላንብበው" ትላለች። እኔ አንብቤ ያስተዋልኩትን ነገር ተመልሶ ሊያይ ሲነሳ ያየሁት ትልቅ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሰው "ታደለች ጴንጤዋ" ይላታል። ከደቡብ መጥታ መካኒሳ የቆየች ናት፤ እሁድ እሁድ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወደ ጸሎት ቤቷ ትሄዳለች። ስትለጥፍና ስታጥፍ በዝግታ መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ ነጠላ የለበሰች እናት በሱቁ በኩል ስታልፍ ግን ድምጿን ትውጠዋለች። "ለምን ታቆሚያለሽ?" ብዬ ጠይቄያት ነበር። "አጥሩ የሰው ነው" አለችኝ። ያኔ አልገባኝም። አጥሩ የወይዘሮ ዘውዲቱ ነው፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ደግሞ በወሩ በአምስት የሚሰበሰበው የሴቶች ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ ነበሩ። እትዬ ታደለች ግን የእኛ የኦርቶዶክሶች የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍም ነበራት። አንዲት ቀጭን፣ ለልጆች የተዘጋጀች መጽሐፍ ናት። እሷ የማታምንበትን ለምን እንደያዘች ማንም አልጠየቃትም።

"የእመምኔቷ ቁልፎች" የላይኛው ሳጥን ውስጥ ነበር። ያገቡ ሴቶችና ኮሌጅ የገቡ ልጃገረዶች ይወስዱታል፤ ሲመልሱ ከእትዬ ታደለች ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። አንዷ "እኔ የማውቃትን ሴት ነው የጻፈው!" ስትል ሰምቻለሁ። ስለ አንድ የሴቶች ገዳም መሆኑን፣ የጎተራውን ቁልፍ በመቀነቷ ስለምታስር እመምኔት መሆኑን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ነበር። ስጪኝ አልኳት።

"ሁለት ዓመት ጠብቂኝ" አለች። "ሲደርስሽ እኔው ራሴ ከላይ አወርድልሻለሁ።"

"አሁን ብወስደውስ ምን አለበት?"

"አሁን ብትወስጂው ክፉዋን ሴት ብቻ ታያለሽ። ሌሎቹን አታያቸውም።"

አላስቻለኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ ልትቀዳ ጄሪካኗን አንስታ "ጠብቂልኝ፣ መጣሁ" ብላኝ ሄደች። ሳጥን ላይ ወጥቼ ልብ ወለዱን አወረድኩት። ሽፋኑን አወለቅኩና የቅዱሳኑን ታሪክ ሽፋን አለበስኩት፤ የእሱን ደግሞ ለቀጭኗ መጽሐፍ አልብሼ ወደ ቦታው መለስኩ። በእኛ ቤት "የቅዱሳን ታሪክ ለልጆች" የሚል መጽሐፍ ገልጦ የሚመረምር አይኖርም ብዬ ነው። እትዬ ታደለች ስትመለስ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ለጥፌ ይዤ ነበር። ጀርባውን አነበበች። "ጎበዝ" አለችና ግማሽ ገጼን ቆረጠችልኝ።

እጇ እርጥብ ስለነበር ወረቀቱ ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ ቀርቷል።

መጽሐፉን ሦስት ቀን አነበብኩት። በአራተኛው ቀን የማኅበሩ ተራ የእኛ ቤት ሆነ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ቄሱ ወጡ፤ ሴቶቹ ቀሩ። እማዬ ደስ ብሏት ነበር። ባሏ የሞተባት፣ የሰው ልብስ እየሰፋች የምትተዳደር ሴት ናት፤ የምትመካው በእኔ ትምህርት ነው። አልጋዬ ላይ ያየችውን መጽሐፍ ይዛ መጣች።

"ልጄ ምን እንደምታነብ እዩልኝ! ነይ እስቲ ማህሌቴ፣ ለእናቶችሽ አንድ ገጽ አንብቢላቸው።"

ቆምኩ። ያን ቀን ደፋር ልጅ ብሆን ኖሮ ከአእምሮዬ አንድ የቅድስት ታሪክ ፈጥሬ አነብላቸው ነበር። እኔ ግን መጽሐፉን ከእማዬ እጅ እንኳን አልተቀበልኩም።

"ተይያት፣ አይናፋር ናት፤ ወዲህ በይው" አሉ ወይዘሮ ዘውዲቱ። መነጽራቸውን ከደረታቸው አውጥተው፣ መሃል ላይ ገለጡና ገድል በሚነበብበት ዜማ ጀመሩ።

"'እመምኔቷ ያን ሌሊት ጎኗ መሬት አልነካም።'"

"ወይ ተጋድሎ!" አለች አንዷ።

"'የጎተራው ቁልፍ ከመቀነቷ መኖሩን እየዳበሰች አነጋች።'"

"ለድሆች ልትከፍትላቸው ነዋ!"

"'ደጅ የተኙት ረኃብተኞች ሲያለቅሱ እንዳትሰማ ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፈነች።'"

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ወፍራም ሴትዮ ዳቦዋን እያላመጠች፣ "ቆይ፣ ይቺ ቅድስት ማን ናት? በዓሏስ በስንት ነው?" አለች። ሁለት ሴቶች በነጠላቸው ተከልለው ሳቁ። ወይዘሮ ዘውዲቱ አልሳቁም። ገጾቹን ወደ መጀመሪያው መልሰው ትክክለኛውን ርእስ አገኙት። ከዚያ ጀርባውን አነበቡ። የእትዬ ታደለችን ጽሕፈት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

"አንቺ ልጅ፣ ማን ሰጠሽ?"

"እትዬ ታደለች" አልኩ።

"በዚህ ሽፋን ጠቅልላ?"

ዝም አልኩ። እማዬ መጽሐፉን ከወይዘሮ ዘውዲቱ እጅ ተቀብላ አገላበጠችው። ጣቷን በሽፋኑ እጥፋት ላይ አሳለፈችና አቀርቅራ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተናገረችም። ወይዘሮ ዘውዲቱ "ዝምታም መልስ ነው" ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

አራት ሆነው ወደ ሱቁ ሲወርዱ እማዬ እጄን ይዛ ከኋላ አስከተለችኝ። እትዬ ታደለች ሙጫ እየቀባች ነበር።

"አንቺ ታደለች" አሉ ወይዘሮ ዘውዲቱ። "አጥሬን ተደገፊ ብዬሽ በቅዱሳን ስም እየጠቀለልሽ ለልጆቻችን ይሄን ታድያለሽ?"

እትዬ ታደለች መጽሐፉን ተቀበለች፤ ክብደቱ ገና እጇ ላይ ሲያርፍ ነው የገባት። ቀና ብላ የላይኛውን ሳጥን አየች። እዚያ ላይ ትልቁ ሽፋን ቀጭኗ መጽሐፍ ላይ፣ የአባቱን ካፖርት እንደለበሰ ሕፃን፣ ተንዘርፍፎ ነበር። ከዚያ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አልነበረም። እኔ መሬት አየሁ፤ የካውያው አመድ፣ ማንኪያው፣ የጄሪካኑ ክዳን።

"ሽፋኑን የሠራሁት እኔ ነኝ" አለች። "ጽሕፈቱም የእኔ ነው፣ እትዬ ዘውዲቱ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። ለዚያ ነው እስከ ዛሬ የሚከብደኝ።

"ልጅቷ የለችበትም" ብላ ጨመረች። ያ ነው ውሸቱ።

"ልጅቷማ ምን ታውቃለች!" አሉ ወይዘሮ ዘውዲቱ። ወር ሳይሞላ ቦታውን እንድትለቅ ነገሯት።

ከዚያ በኋላ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ሱቁ መላክ አቆሙ። እኔም በሌላ መንገድ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመርኩ። በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እል ነበር፤ ለእማዬ፣ ለወይዘሮ ዘውዲቱ፣ ቢያንስ ለእትዬ ታደለች። ቃሉን አዘጋጅቼ፣ በልቤ ደጋግሜ፣ ከአፌ ሳይወጣ ይመሻል። አንድ ጠዋት የለስላሳ ሳጥኖቹ በአህያ ጋሪ ላይ ተጭነው በደጃችን አለፉ። በመስኮት መጋረጃ ጀርባ ሆኜ አየሁ። እትዬ ታደለች ከጋሪው ኋላ በእግሯ ትሄዳለች፤ ካውያዋን በአንድ እጇ ይዛለች። እኛ በር ላይ ቆም ብላ አንኳኳች። እማዬ ወጣች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። እማዬ ስትመለስ እጇ ላይ የነበረውን ነገር የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከትታ መርገጫውን ያለ ክር ስትረግጥ ቆየች።

እትዬ ታደለች ወደ ፉሪ ሄደች ተባለ።

መሳቢያውን የከፈትኩት ክር አምጪ ስባል፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። በጥቁር ክር የታሰሩ ግማሽ ገጾች ነበሩ፤ ሦስት ዓመት የጻፍኳቸው በሙሉ። ከሥራቸው አንድ ያልተጻፈበት ነበረ። አናቱ ላይ፣ በእነዚያ ቀጥ ብለው በሚቆሙ ፊደሎች፣ "የእመምኔቷ ቁልፎች፤ ማህሌት" ይላል። ሌላ ቃል የለም። ጥቅሉን ወሰድኩት። እማዬ የት ገባ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ አለመጠየቋ ለምን እንደሆነም አላሰብኩም።

ባዶው ወረቀት ዩኒቨርሲቲም አብሮኝ ሄዷል፤ መዝገበ ቃላቴ ውስጥ። ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ ስለ ሌሎች መጻሕፍት ብዙ ገጽ ጽፌ ማርክ አግኝቻለሁ። ስለዚህኛው መጻፍ አልቻልኩም። ሦስተኛ ዓመት ሆኜ ለበዓል ስመለስ ፉሪ ወረድኩ። ያዘጋጀሁትን ቃል በታክሲው ውስጥ ደጋገምኩት። ጠያይቄ የደረስኩበት ቤት በረንዳ ላይ የለስላሳ ሳጥኖች ነበሩ፤ ሽንኩርት ተደርጎባቸዋል። አንዲት ሴት ወጥታ "ታደለችን ነው? አርፋለች እኮ እህቴ፤ ዓመት ሊሆናት ነው። መጽሐፎቿን የሰፈር ልጆች ተካፈሏቸው" አለችኝ። ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ልጅ በሲሚንቶ ወረቀት የተሸፈነ መጽሐፍ ይዛ ታየኛለች። ላናግራት ፈልጌ አፈርኩ።

ባለፈው መስከረም፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ መጽሐፉን ጨረስኩት።

እመምኔቷ በልጅነቴ ከመሰለችኝ ይልቅ ታሳዝናለች። ቁልፉን የሰጧት ወንዶች ናቸው፤ እህሉን እንዳትሰጥም የሚያዟት እነሱ ናቸው፤ የሚጠፋው ስም ግን የእሷ ነው። በካፌው ውስጥ ጓደኞቼ በዚህ ተከራከሩ። አንዱ "ሴት ሥልጣን ስትይዝ ከወንድ ትብሳለች፣ መጽሐፉም ይህንኑ ነው የሚለው" አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሳባ "አንተ ደግሞ ሁለት ገጽ አንብበህ ነው እንዴ የመጣኸው?" ብላ አሳቀችን። ከዚያ "ማህሌትስ?" ተባለ።

"እኔ ቆም ያልኩት" አልኩ፣ "ሳህን የምታጥበዋ ጋ ነው።"

"የቷ?"

አላስታወሷትም። አይፈረድባቸውም። ስም እንኳን የላትም፤ ያላት አንድ ገጽ ብቻ ነው። ገዳሙ ተሰብስቦ፣ እህል ሰርቃ ለረኃብተኞች ሰጥታለች ተብላ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ስትከሰስ፣ እውነቱን የምታውቀው ይህች ሴት ጓዳ ውስጥ ናት። ክሱን ትሰማለች። ሳህኗን ታጥባለች። የታጠበውን ደግማ ታጥባለች። ጸሐፊው አይወቅሳትም፤ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል። ይህን ተናገርኩና "እመምኔቷን እንዲያ ያገነናት ቁልፉ አይመስለኝም፤ የሳህኑ ድምፅ ነው" አልኩ። ጓደኞቼ ጥሩ አስተያየት ነው አሉኝ። ሳባ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። እኔ ፊቴን ወዴት እንደማዞረው ጠፋኝ። ሁለት ዓመት ጠብቂኝ ያለችኝ ሴት ልታሳየኝ የፈለገችው፣ አሥራ ሦስት ዓመት የፈጀብኝ ነገር ይህ ነበር፤ ሌሎቹን ማየት።

ዛሬም ይህን ስጽፍ ወይዘሮ ዘውዲቱን "እሳቸው"፣ እትዬ ታደለችን "እሷ" እያልኩ ነው። እጄ የለመደው እንዲያ ነው።

በማግስቱ ባዶውን ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩበት። ስለ እመምኔቷ ሁለት መስመር፣ ስለ ሳህን አጣቢዋ ሦስት፤ ከዚያ "ሽፋኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ" ብዬ እንዴት እንደቀየርኩት። ግማሽ ገጹ አልሞላም። የምሰጣት ሴት ግን የለችም። ስለዚህ ሙጫው ምድጃ ላይ በተጣደበት በዚያው ሳምንት፣ የመጨረሻውን ደብተር ሸፍኜ ስጨርስ፣ ወረቀቱን ይዤ ከእማዬ ፊት ቆምኩ።

"እማ፣ ላንብብልሽ?"

ከማኅበሩ ቀን ወዲህ ጮክ ብዬ አንብቤላት አላውቅም። መርገጫውን አቆመች። አነበብኩት። ስጨርስ አልተቆጣችም፤ አልደነገጠችም። ጠረጴዛው ላይ ከሸፈንኳቸው ደብተሮች አንዱን አነሳችና ጣቷን በእጥፋቱ ላይ አሳለፈች፤ ልክ ያን ቀን እንዳደረገችው።

"ልኩ አልነበረም" አለች።

"ምኑ?"

"ያ ሽፋን። ለቀጭን መጽሐፍ የታጠፈ ነበር። እጥፋቱ ገብቶ ገብቶ ዳሩ ሁለት ጣት አጥሮታል። ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ ልጄ። ታደለች እንዲያ ያለ ሥራ ከእጇ አይወጣም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"የማኅበሩ ሴቶች ልብስ ነበር የምሰፋው" አለች። "ምን ልበል? ልጄ ሌባና ውሸታም ናት ልበላቸው? ታደለች በር ላይ መጥታ ወረቀቱን ስትሰጠኝ፣ 'ማህሌትን አትቆጪያት' ነው ያለችኝ። 'አንቺም እውነቱን ታውቂያለሽ' ማለቷ ነበር። በሩን ዘጋሁባት።"

መኪናው ውስጥ መርፌው ጨርቁን ወግቶ ቆሟል። የወንድሜ ልጅ ውጭ ከጓደኞቿ ጋር ትጮሃለች። እማዬ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች፤ መልሳ አደረገች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"ከታች ቦታ ተርፏል?"

"ሦስት መስመር ያህል።"

ጨርቅ የምታሰምርበትን እርሳስ ከጆሮዋ ላይ አወረደች። እማዬ መጻፍ ይከብዳታል፤ ፊደሎቿ ትልልቅ ናቸው፣ መስመር አይዙም። ወረቀቱን በመኪናው ጠረጴዛ ላይ አስተካክላ፣ የእትዬ ታደለች የአውራ ጣት አሻራ ያረፈበት የመጀመሪያው ወረቀት የት እንደደረሰ እያሰብኩ ባለሁበት፣ ጎንበስ ብላ ጀመረች። ምን እንደምትጽፍ አላየሁም። ፊቴን ወደ ምድጃው መለስኩና የቀዘቀዘውን ሙጫ አማሰልኩ።

እርሳሱ ሲቆም ግማሽ ገጹ ሞልቶ ነበር።